ክብደት አልጠፋም፤ ነፋስ ነው

ባለፈው እትም ስለ ኤሌክትሪክና ስለ ምድር ስበት የጻፈው ወንድማችን ሁለት ነገር ብሏል። አንደኛ፣ ከፍተኛ ቮልት የዕቃን ክብደት ያጠፋል፤ ሁለተኛ፣ ኃያላን መንግሥታት ይህን እያወቁ ደብቀውናል። ጽሑፉ ከድንኳን ድንኳን ሲዞር ሰንብቷል። ከተማሪዎቼ አንዱ ፊዚክሱን ትቶ «የተደበቀውን ሳይንስ» ሊያጠና ስለተነሣ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ከድብቁ ልጀምር። የነገሩ አባት አሜሪካዊው ቶማስ ታውንሰንድ ብራውን ነው። በ1928 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር ቁጥር 300311 የሆነ ፓተንት፣ በ1960 ደግሞ በአገሩ ሌላ ተሰጥቶታል። ፓተንት ለሕዝብ የታተመ ወረቀት ነው፤ አደባባይ ላይ የተሰጣ ነገር እንዴት ተደበቀ ይባላል? ደግሞም ፓተንት ባለቤትነትን እንጂ እውነትን አይመሰክርም።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። እኛ ሠርተን አየነው። ከቀጭን የእንጨት ስንጣሪ ባለ ሦስት ማዕዘን ቀፎ አበጀን፤ ጎኖቹን በሲጋራ ፓኮ የብር ወረቀት ሸፈንን፤ ከብር ወረቀቱ 3 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርገን ከኤሌክትሪክ ገመድ የተነጠለ አንዲት የመዳብ ክር ወጠርን። ቮልቱ የመጣው ከሻይ ቤቱ ከተጣለው ባለ ትልቅ ጀርባ ቴሌቪዥን ነው፤ ወደ 25 ሺህ ቮልት ይሰጣል። ጄኔሬተሩ ሲነሣ ነገሩ እየተንሿሿ ከመሬት ተነሣ! ልጆቹ እልል አሉ። ወንድማችን እዚያ ቢኖር ኖሮ ክርክሩን የረታ ይመስለው ነበር።

ግን መነሣቱን ማን ካደ? የምንከራከረው ስለ ምክንያቱ ነው። ብራውን ግፊቱ ወደ ፖዘቲቩ ነው ይል ነበር። ሽቦዎቹን አቀያየርናቸው፤ ግፊቱ አሁንም ወደ ቀጭኗ ክር በኩል ነበር። በጎኑ አንጠለጠልነው፤ ወደ ጎን ሄደ። ክብደት ብቻ የሚጠፋ ቢሆን ወደ ጎን የሚገፋው ማን ነው? ከብር ወረቀቱ በታች ያስቀመጥነው ዱቄት ግን ቦነነ። በክሯ ዙሪያ አየሩ አዮን ይሆናል፤ አዮኖቹ ወደ ብር ወረቀቱ ሲሮጡ አየሩን ይገፋሉ፤ አየሩም መልሶ ቀፎውን ይገፋል። ሒሳቡም ይገጥማል፦ በ3 ሳንቲ ሜትር ርቀት 0.2 ሚሊ አምፔር ቢያልፍ 3 ግራም ያህል ያነሣል። የእኛ ቀፎ ከዚያ አይበልጥም።

የመጨረሻው ፈተና ከሁሉ ቀላሉ ነበር። ቀፎውን በካርቶን ውስጥ ዘግተን ካርቶኑን በእንጨትና በክር በሠራነው ሚዛን ላይ ሰቀልነው። ክብደት ቢጠፋ ሚዛኑ ያጋድል ነበር። ነፋስ ከሆነ ግን ነፋሱ የካርቶኑን ወለል ስለሚመታ ግፊቱ እዚያው ይጣፋል። ዘንጉ ንቅንቅ አላለም። በኦስትሪያ ማርቲን ታይማር በ2004 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ጽሑፍም የብራውን ውጤት የነፋስ ግፊት በተሳሳተ መንገድ መተርጎሙ ነው ይላል።

ነፋሱን ነፋስ ያሉት ሰዎች ምን አተረፉ? በ2018 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኤም.አይ.ቲ. 2.45 ኪሎ የምትመዝን፣ የሚሽከረከር አንድም ነገር የሌላት አውሮፕላን በ40 ሺህ ቮልት 60 ሜትር አበረሩ።

«ዱቄት ባጣንበት ሰዓት ዱቄት ማቡነን ምን ይሉታል?» ያሉኝ አባት አሉ። ያቦነንነው ጭብጥ አይሞላም፤ እርሳቸው ግን ይቅር ይበሉኝ። ሚዛን መፈተሽ የተማረ ልጅ በራሽን ቀን ቢያጭበረብሩት አይነቃም እንዴ?

ወንድማችንንም ስወቅስ ራሴን ትቼ አይደለም። ባስተማርኩበት የመምህራን ማሠልጠኛ የፊዚክስ መሣሪያዎቹ ከነማሸጊያቸው ንብረት ክፍል ተቆልፎባቸው ነበር። እኔም ቮልትን በጠመኔ አስተማርኩ፤ ሠልጣኞቼም በጠመኔ ሊያስተምሩ ወጡ። በዚህ መንገድ ለተማረ ትውልድ ወሬና ማስረጃ ቢምታቱበት ሊደንቀን አይገባም።

አንድ ጥፋት አልደብቅም። ጄኔሬተሩ ከጠፋ በኋላ አንድ ልጅ ሽቦውን ነክቶ ወደ ኋላ ተወርውሯል፤ የቴሌቪዥኑ መስታወት ኤሌክትሪክ አምቆ እንደሚያቆይ ሳልነግራቸው ቀርቼ ነው። በሕይወት አለ፤ ክንዱ ግን ለሁለት ቀን ደንዝዞ ነበር። ከእንግዲህ እኔ በመሬት ሽቦ ሳላወርደው ማንም አይነካውም።

ቀፎው፣ ካርቶኑና ሚዛኑ በትምህርት ቤቱ ዳስ አሉ። ሐሙስ ጄኔሬተሩ ሲነሣ እንደግመዋለን። ወንድማችን ይምጣ፤ ካርቶኑን ራሱ ይዝጋው።