ለግራኝ ልጅ ምን ዓይነት ክራር ይገዛ?



እንደሚታወቀው ማኅበራችን ባለፈው ክረምት ለሰፈሩ ልጆች ክራር ማስተማር ጀምሮ ነበር። ስድስት ክራር ገዛን፣ አስተማሪ ፈለግን፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አዳራሹን ከፈትን፣ አሥራ አንድ ልጆችም መጡልን። ከነዚህ መካከል አንዲት የአሥር ዓመት ልጅ ግራኝ ነበረች። ክራሩን ስንሰጣት ማንም ሳይነግራት በቀኝ ጎኗ አስጠግታ በግራ እጇ መምታት ጀመረች። አስተማሪው «አዙሪው» አላት፣ አዞረችው። ጥቂት ቆይታ መልሳ ወደለመደችው ወሰደችው። ሦስተኛ ጊዜ ሲነግራት ልጆቹ ሳቁ። በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጣችም። እናቷን ሄደን ብንጠይቅ «እኔም ስንት ጊዜ መክሬያት አልሆነልኝም፣ ተዉአት በቃ» አሉን።

በዚያን ቀን እኛ የኮሚቴው አባላት እዚያው ቆመን ነበር፤ አንድም ቃል አልተነፈስንም። ስለዚህ ጥፋቱን በአስተማሪው ላይ ብቻ መጣል አይገባንም። አሁን ለሁለተኛው ዙር ተጨማሪ ክራር ሊገዛ ስለሆነ፣ በኮሚቴውም ውስጥ በዚህ ነገር ክርክር ስለተነሳ፣ ሐሳባችንን በዚህ ሰሌዳ ላይ ለመግለጽ ወደድን።

አንድ የምናከብራቸው አባታችን በስብሰባው ላይ እንዲህ አሉ፤ የነካሣ ተሰማን፣ የነሜሪ አርምዴን፣ የነአስናቀች ወርቁን ክራር እየሰማን ነው ያደግነው፣ ክራር ሥርዓት አለው፣ ልጅም በቀኙ መልመድ አለበት። ንግግራቸውን እናከብራለን። እኛም ቀኝን እንወዳለን። ጠዋት ስንመራረቅ ቀኝ ያውለን እንላለን፤ ነገር ሲጠፋብን ደግሞ ግራ ገባኝ። ልጅ በግራው ሲጎርስ ወይም ለታላቅ ሰው ግራ እጁን ሲዘረጋ ብንቆጣ የአገር ልማድ ነውና ይሁን። ክራር ግን ማዕድ አይደለም። በሬዲዮ ስንሰማው የመጣው ከየትኛው እጅ እንደሆነ ማን ለይቶ ያውቃል?

ደግሞስ ግራ እጅ በመሣሪያዎቻችን ላይ መቼ ሥራ ፈቶ ያውቃል? ክራር በግርፍ ሲመታ ቀኝ እጅ መግረፊያውን ይዞ ሁሉንም ክር ይጠርጋል፤ የግራ እጅ ጣቶች ደግሞ ከኋላ ሆነው የማይፈለገውን ክር ያፍናሉ፣ የሚፈለገውን ይለቃሉ። ዜማውን የሚመርጠው እንግዲህ ግራው ነው። በድርደራ ጊዜም የግራ ጣቶች ክሩን ይነካሉ። አሥር አውታር ያለውን በገና የሚደረድሩትም በግራ እጃቸው ጣቶች ነው። ስለዚህ አንዳንድ ግራኝ ልጅ እንደ ሌላው ይዞ ቢለምድ አይቸገርም ይሆናል። ይህንን አንክድም። እኛ የምንለው ልጁ ራሱ ይምረጥ ነው። ክራሩን ያለ ምንም ትእዛዝ ስጡትና በየት በኩል እንደሚያስጠጋው ዝም ብላችሁ ተመልከቱ። በሳምንቱ ደግማችሁ ስጡት። ሁለቴም በቀኝ ጎኑ ከያዘው ነገሩ አልቋል፤ መገልበጥ ያለበት ክሩ ነው።

ወደ ግዥው እንምጣ። ለግራኝ ተብሎ በልዩ የተሠራ ክራር ፍለጋ መንከራተት ወይም ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል አያስፈልግም። ክራር እንደ ጊታር አንገት የለውም። ገበቴ፣ በገበቴው ላይ የተወጠረ ቆዳ፣ ሁለት ቋሚ እንጨትና ቀንበር ነው፤ ቀኝና ግራው ተመሳሳይ ነው። አምስቱን ወይም ስድስቱን ክር ፈትቶ ቅደም ተከተሉን ገልብጦ ማሰር ነው፣ ከዚያ በትዝታ ወይም በባቲ መቃኘት። ብርኩማው ላይ ለእያንዳንዱ ክር የተበጀ ጭረት ካለ እሱም አብሮ ይዞራል። የሚያውቅ ሰው ይህንን ቁጭ ብሎ ቡና ተፈልቶ እስኪቀርብ ድረስ ይጨርሰዋል።

ሆኖም ሁሉም ክራር ለመገልበጥ አይመችም። በገበያ ላይ ስትመርጡ ሁለቱ ቋሚዎች እኩል መሆናቸውን እዩ። ማንገቻው በአንድ ወገን ብቻ ተቸንክሮ የማይነቀል ከሆነ ተዉት። የኤሌክትሪክ ክራር ከሆነ የገመዱ መሰኪያና የድምፅ መጨመሪያው በየት ጎን እንዳለ ተመልከቱ፤ ሲገለበጥ የልጁ ክንድ ላይ ያርፋል። ለጀማሪ ግን ኤሌክትሪኩ ምን ያደርግለታል? የድሮው ክራር ቀንበሩ ላይ በተጠመጠመ ጨርቅ ነው የሚቃኘው፤ ለልጅ ጣት ይከብዳል። የእንጨት ወይም የብረት መቃኛ ያለው ይሻላል። መቃኛውን ጠምዝዛችሁ ልቀቁትና ክሩ ተመልሶ ከላላ አትግዙ። ልጁንም ይዛችሁ ሂዱ፤ ክንዱ በክሮቹ ጀርባ በነፃ ማለፍ አለበት። ናይለን ክር ለጀማሪ ጣት ይለሰልሳል፣ ሽቦው ይቆርጣል።

እዚህ ላይ የራሳችንን ስህተት እንናገር። ካመጣናቸው ስድስት ክራሮች ሁለቱ የግድግዳ ጌጥ ነበሩ። በቀለም ያማሩ፣ ዛጎል የተሰካባቸው፣ ዋጋቸውም ረከስ ያለ። ስንቃኛቸው ቀንበሩ ተንቀጠቀጠ፣ አንደኛው ጭራሽ ተነቀለ። ለእንግዳ ማስታወሻ የተሠራ ዕቃ መሆኑን ያወቅነው ዘግይተን ነው። ቆዳውን በጣት መታ መታ አድርጋችሁ ካልጮኸ አትውሰዱ። ክረምት ላይ እርጥበት ቆዳውን ያላላዋል፤ እሱ ፀሐይ ላይ ጥቂት ቢቆይ ይመለሳል፣ ምድጃ አጠገብ ግን አታስቀምጡት፣ ይሰነጠቃል።

አንድ ወጣት ደግሞ አጎቱ ከአሜሪካ ባንጆ ሊልክለት እንዳሰበ ነግሮን ምክር ጠይቆናል፤ እሱም ግራኝ ነው። ባንጆ ከአፍሪካ በባርነት የተወሰዱ ሰዎች ቅል ላይ ቆዳ ወጥረው ይሠሩት ከነበረው ነው የመጣው። ለጀማሪ ጀርባው ክፍት የሆነው ይመከራል፣ ቀላል ነው፣ ድምፁም ረጋ ያለ። ነገር ግን እንደ ክራር አይገለበጥም። አምስተኛው አጭር ክር መቃኛው በአንገቱ መሀል ጎን ላይ ነው ያለው፤ ሲገለበጥ የተሳሳተ ወገን ላይ ይገኛል። ስለዚህ አጎቱ ለግራኝ ተብሎ አንገቱ የተሠራውን ይግዛ፣ ወይም አራት ክር ያለውን ይላክና ክሩ ይገልበጥ። ኤልዛቤት ኮተን የተባለች በ1987 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ያረፈች አሜሪካዊት ግራኝ ክሩን እንኳ ሳትቀይር ባንጆና ጊታሩን ገልብጣ ትመታ ነበር። በቤቷ ውስጥ ያገኘችው የወንድሟን ባንጆ ስለሆነ ነው። እኛ ግን ክራር ሞልቶ ሳለ ልጆቻችንን እንደዚያ አናስቸግር።

አስተማሪዎችም ግራኝ ልጅ ያስቸግረናል እንዳይሉ አንድ ነገር እንጠቁማለን። ፊት ለፊት ተቀምጦ ሲማር እንደ መስተዋት ነው፤ የአስተማሪውን እጅ አይቶ በራሱ በዚያው በኩል ይከተላል። ተጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን ክንድ ስለሚጋጭ ዳር ይቀመጥ።

ይህን ሁሉ የምንለው በሌላ ሰፈር ሳይሆን በዘነበወርቅ ነው። ይህ ሰፈር አለርት በ1958 ዓ.ም. ከመቋቋሙም በፊት በልዕልት ዘነበወርቅ ስም በተጠራው ሆስፒታል ዙሪያ፣ የሥጋ ደዌን ለመታከም ከየክፍለ ሀገሩ በመጡ ሰዎች የተቆረቆረ ነው። ጣታቸውን በሽታው የጎዳባቸው እናቶቻችን በቀራቸው እጅ ሲጠልፉ፣ ሲፈትሉ እያየን ነው ያደግነው። በየትኛው እጅ ጠለፍሽ ብሎ የጠየቃቸው አልነበረም። ታዲያ ሁለት ጤነኛ እጅ ያላትን ልጅ እኛ በምን አፋችን ነው ይህኛው አይሆንም የምንላት?

ስለዚህ ለኮሚቴው የምናቀርበው ሐሳብ፣ ከሚገዙት ክራሮች ሁለቱ በግራ ተወጥረው ይቀመጡ የሚል ነው። ስብሰባው በመጪው እሑድ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው፤ የሚቃወም ካለ መጥቶ ይናገር። ግራኝ ልጅ ያላችሁ ወላጆችም ከወዲሁ ለጸሐፊው ንገሩን። ለዚያች ልጅ እናትም፤ ካሉት ክራሮች አንዱን ገልብጠን ወጥረነዋል፣ አዳራሹ ውስጥ ከመስኮቱ አጠገብ ተሰቅሏል። ቅዳሜ ይላኳት።

የማኅበሩ ጸሐፊ
ስለ ኮሚቴው