ጣሳውን ገልብጡት

ባለፈው ቅዳሜ ማታ ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ካሉት ዛፎች ሥር፣ ከጓደኛዬ ጋር ቆሎ ልንገዛ ቆምን። ዋጋው ያው የለመድነው ነው፤ በዚህ ኑሮ ውድነት ደስ አይልም? እናት ግን የሰፈሩልን በትልቁ የወተት ዱቄት ጣሳ ሳይሆን በትንሿ የቲማቲም ድልህ ጣሳ ነው።

"እማማ፣ ጣሳዋ አነሰች እኮ!" አልኳቸው።

"ገብሱንስ በስንት የምገዛው ይመስልሃል ልጄ?" አሉኝ። መልስ አጣሁ።

የታሸገ ምግብ በቆርቆሮ የተጀመረው በ1810 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ነው። መክፈቻው እንኳ የመጣው ከአርባ ዓመት በላይ ዘግይቶ ነው፤ እስከዚያ በመሮና በመዶሻ ነበር የሚከፈተው። እኛ ጋ ሲደርስ ግን ጣሳ ሥራ የሚጀምረው ባዶ ሲሆን ነው። ኩራዝ ይሆናል፣ የጤና አዳም መትከያ ይሆናል፣ የልጆች መኪና ይሆናል። ከሁሉም በላይ መስፈሪያ ይሆናል።

ለምን መስፈሪያ? ቁና ከአገር አገር ይለያያል፤ የአንዱ ወረዳ ቁና ከሌላው ጋር አይገጥምም። ጣሳ ግን ከፋብሪካ ነው የሚወጣው። የአንድ ዓይነት ወተት ጣሳ ባሕር ዳርም ጎንደርም ያው ነው። ሻጭና ገዢ ሳይተዋወቁ የሚተማመኑት በዚህ ነበር።

ትንሽ ጣሳ ይዞ የሚሸጥን ሰው አልወቅስም፤ ዓይናችን እያየ ነው። የሚያናድደኝ ቂጡ በመዶሻ ወደ ውስጥ የተገፋው ነው። ከላይ ሲያዩት ሙሉ፣ ከታች ጎዶሎ! አምስት ጣሳ ሽምብራ ገዝቶ ቤቱ ሲደርስ አራት የሚሆንበት ሰው ለማን ይናገራል? ሚዛን የሚፈተሸውን ያህል ጣሳም ቢፈተሽ ምን አለበት?

እኛስ ብንሆን? በቴሌብር ስንከፍል ሳንቲሟን ሳይቀር አይተን ነው የምንልከው፤ ጣሳውን ግን ዞር ብለን አናየውም። "ጣሳው ስንት ነው?" እንላለን እንጂ "ስንት ይይዛል?" አንልም። ቤታችሁ ባለው ጣሳ ሞክሩት፤ በግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውኃ ለኩት። ከዚያ በኋላ ገበያ ላይ ዓይናችሁ ራሱ ይለካል።

ማክሰኞ ተመልሼ ሄድኩና እኚያን እናት "ጣሳዋን ልያት?" አልኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ሳቅ ብለው ገልብጠው አሳዩኝ፤ ቂጧ ደልዳላ ነው። ሰፈሩልኝና አንድ እፍኝ መረቁልኝ።