ቴራሳችሁ ሸበተ እንጂ አልሞተም

ግንቦት ሲገባ ኦስሎ ውስጥ አንድ የማይቀር ድምፅ አለ። ከሆልምሊያ እስከ ስቶቭነር ታክሲዬን ይዤ ስዞር መስኮት ዘግቼም ይሰማኛል፤ ሰው ሁሉ በግፊት ውሃ በሚረጭ ማሽን የእንጨት ቴራሱን ሲገርፍ ይውላል። ሐበሻውም አልቀረም። «እንጨቱ ጠቁሯል፣ ሙልጭ አድርጌ አጥቤ ቀለም ልቀባው» ይላል። ዛሬ የምከራከረው በዚህ ነው። እያጠባችሁት አይደለም፤ እየላጣችሁት ነው።

መሐንዲስ ነበርኩና ትንሽ ታገሡኝ። እንጨት የሚሸብተው ስለበሰበሰ አይደለም። የእንጨቱን ቃጫ አጣብቆ የሚይዝ ሊግኒን የሚባል ነገር አለ። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር እሱን ይበታትነዋል፣ ዝናቡ አጥቦ ይወስደዋል፣ ላዩ ላይ ግራጫ ቃጫ ይቀራል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ከአንድ ሚሊሜትር በሳሳ ቆዳው ላይ ነው። የግፊቱን ውሃ አስጠግታችሁ ስትለቁበት ግን ለስላሳውን የእንጨት ክፍል ቦርቡሮ ያወጣዋል። ለጊዜው ነጭ ሆኖ ያምራል። ክረምት ሲመጣ ያ የተቦረቦረው ሁሉ ውሃ ይጠጣል፣ ውሃው በረዶ ይሆናል፣ እንጨቱ ይሰነጠቃል።

አንድ ወዳጄን ያየለት ባለሙያ ነኝ ባይ «ሁሉም ተነስቶ በአዲስ ይተካ» ብሎ ዋጋ ጻፈለት። ካቻቪቴ ይዘን ወጣንና እያንዳንዱን ጣውላ ወጋነው፤ በተለይ ጫፍ ጫፉን፣ ከታች ተሸካሚው ላይ የሚያርፍበትን ቦታ፣ የአበባ ማሰሮ የተቀመጠበትን። መበስበስ የሚጀምረው እዚያ ነው። ካቻቪቴው ሰተት ብሎ የገባው ሁለት ጣውላ ላይ ብቻ ነበር። ሌላው ሽበት ነው።

ሥራው ራሱ ከባድ አይደለም፣ ትዕግሥት ነው የሚፈልገው። የእንጨት ማጠቢያ ፈሳሽ ቀብታችሁ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ደቂቃ ጠብቁ፣ በጠንካራ ብሩሽ የእንጨቱን መስመር ተከትላችሁ ፈትጉ፣ በአትክልት ጎማ እጠቡ። (በረኪና ትዝ የሚላችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ተዉት፤ እሱም ቃጫውን ይበላዋል፣ ከአንዳንድ ማጠቢያ ጋር ከተደባለቀም መርዛማ ጋዝ ያወጣል።) ከዚያ መጠበቅ። ጠዋት አጥቦ ማታ መቀባት የኛ ሰው ዋና በሽታ ነው። ላዩ በሰዓታት ይደርቃል፣ ውስጡ ግን ቀናት ይፈልጋል። በትንሽ ብር የሚሸጥ የእርጥበት መለኪያ አለ፤ ከ18 በመቶ በታች ካላሳያችሁ ብሩሽ አታንሱ።

ሲቀባም የግድግዳ ቀለም አይሆንም። ቀለም ላዩ ላይ ቆዳ ሠርቶ ይቀመጣል፤ ጋደም ባለ ወለል ላይ ውሃ በስንጥቁ ይገባና መውጫ ያጣል፣ ቀለሙም እንደ ሽንኩርት ይላጣል። የሚፈለገው ውስጥ ድረስ የሚሰርገው የቴራስ ዘይት ወይም ኖርዌጂያኖቹ ባይስ የሚሉት ነው። ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፤ ዘይት ከሆነ እንጨቱ ያልጠጣውን በጨርቅ ጥረጉት።

ጨርቁ ላይ ቁም ነገር አለኝ። እንደ ተልባ ያለ የሚደርቅ ዘይት የነካ ጨርቅ ተጨማዶ ከተጣለ፣ ዘይቱ ከአየር ጋር ሲዋሃድ ራሱ ይግላል፤ ክብሪት ሳይነካው ሊነድ ይችላል። ቤት የተቃጠለበት ጉዳይ ነው። ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉት ወይም ውጭ ዘርጉት።

ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ይኼ ነው፦ የተነሣውን አሮጌ ጣውላ «እንጨት አይጣልም» ብላችሁ ሥጋ የምትጠብሱበት። እባካችሁ! ኖርዌይ በ2002 እስክትከለክለው ድረስ የውጭ እንጨት እንዳይበሰብስ በመዳብ፣ በክሮምና በአርሰኒክ ይነከር ነበር። ቴራሳችሁ ከዚያ በፊት የተሠራ ከሆነ ጭሱም አመዱም መርዝ ነው። በማሽን አትሞርዱት፣ ልጆች የሚጫወቱበት ቦታ ላይ ብናኙን አትበትኑ። የኋላኛውም በመዳብ የተነከረ ስለሆነ ለጥብስ አይሆንም። ሃራልድሩድ ያለው የቆሻሻ መቀበያ ውሰዱትና የተነከረ እንጨት መሆኑን ንገሯቸው።

ብቻችሁን ደግሞ አትልፉ። ፈረንጆቹ ዱግናድ የሚሉት የኛው ደቦ አይደለም እንዴ? ሦስት ቤተሰብ ከተሰበሰበ የአንዱ ቴራስ በግማሽ ቀን ይፈተጋል። እኔ ቅዳሜ ከሰዓት ነፃ ነኝ፣ ብሩሽም አለኝ። ቡናውን እናንተ አፍሉ።