ሌዘር ከመግዛታችን በፊት፦ በፓምፕ ዘንግ አሰላለፍ ላይ የቀረበ አስተያየት

ስለ ሌዘር የዘንግ ማስተካከያ መሣሪያ ሲነሣ ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ በዋጋው ላይ ያተኩራል። በእኔ እምነት ግን ከዋጋው የሚቀድም ጥያቄ አለ፦ መሣሪያው የሚሰጠንን ቁጥር ለመጠራጠር የሚያስችል ዕውቀት አለን ወይ?

ጉዳዩ ለሲቀላ ሩቅ አይደለም። አርባ ምንጭ ስሟን የሰጧት ምንጮች የሚፈልቁት ከታች፣ ከጫካው ውስጥ ነው፤ ውሃው ሽቅብ ወደ ሸቻ የሚወጣው በፓምፕ ነው። ሞተርና ፓምፕ በኩፕሊንግ በሚያያዙበት ቦታ ሁሉ ሁለቱ ዘንጎች በአንድ መስመር ላይ ካልዋሉ ንዝረት ይጨምራል፤ ኩሽኔታ ይሞቃል፤ የውሃ ማገጃው ያፈሳል። የተበላውን ኩሽኔታ ብቻ መለወጥ መንሥኤውን በቦታው መተው ነው። (ወፍጮ ቤቶችን እዚህ አልጨምርም፤ በቀበቶ ለሚዞር ወፍጮ ሲባጎና ሪጋ ይበቃዋል።)

የሌዘሩ ብልጫ እውነተኛ ነው። የጀርመኑ ፕሩፍቴክኒክ ኦፕታላይን የተባለውን መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1984 ለገበያ ካቀረበ ወዲህ የዳያል ጌጅ ማቀፊያ ክንድ መጉበጥ የሚያስከትለው ስሕተትና አድካሚው ስሌት ቀርቷል። በየዘንጉ ላይ አንድ አንድ መሣሪያ ይታሰራል፤ ዘንጎቹ ሲዞሩ ጨረሩ በተቀባዩ ላይ የሚያደርገው እንቅስቃሴ ይለካል፤ በየትኛው እግር ሥር ምን ያህል ስስ ቆርቆሮ እንደሚገባ ስክሪኑ ይናገራል።

ይሁን እንጂ ሌዘር ይለካል እንጂ አያስተካክልም። ከሞተሩ እግሮች አንዱ መሠረቱን በደንብ ካልነካ ብሎኑ ሲጠብቅ አካሉ ይጣመማል፤ ቧንቧው ፓምፑን የሚጎትት ከሆነም የተስተካከለው ዘንግ ተመልሶ ይዛባል። ሙቀትም አለ። ከእግሩ እስከ ዘንጉ መሐል 300 ሚሊሜትር ከፍታ ያለው የብረት አካል ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ቢጨምር ዘንጉ ወደ 0.1 ሚሊሜትር ከፍ ይላል፤ በደቂቃ 1500 ጊዜ ለሚዞር ዘንግ በተለምዶ የሚፈቀደው መዛነፍ ከዚህ ያነሰ ነው። ስለዚህ በቀዝቃዛ ማሽን ላይ «ተስተካክሏል» የሚለው ስክሪን ማሽኑ ሲሞቅ ሊያሳስት ይችላል። በሲቀላ ቀትር ደግሞ በተቀባዩ ላይ የሚያርፈው ፀሐይና የጋለው አየር ንባቡን ሊያውኩት ይችላሉ።

ስለዚህ አቋሜ ይህ ነው፦ የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ የተመሠረተው ዩኒቨርሲቲያችን ለተማሪው አስቀድሞ ዳያል ጌጅን በእጁ ያስጨብጠው። ጌጁ በግማሽ ዙር 0.10 ሲያነብ የዘንጎቹ መዛነፍ 0.05 መሆኑን ራሱ አስልቶ ያወቀ ሰው የሌዘሩን ስክሪን ይጠይቃል፤ ያላወቀው ይታዘዘዋል። ከዚያ በኋላ አንድ መሣሪያ ተገዝቶ ዩኒቨርሲቲው፣ የከተማው የውሃ አገልግሎትና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በተራ ቢጠቀሙበት ይበቃል። የጋራ ዕቃ ባለቤት የለውም የሚለው ተቃውሞ ቀላል አይደለም፤ ካሊብሬሽኑን የሚከታተል፣ ያወጣውንና የመለሰውን የሚያስፈርም አንድ ኃላፊ ካልተመደበለት መግዛቱን አልደግፍም።

ግዥውን በኤሌክትሪክ ቁጠባ ማስረዳትም አያሳምነኝም፤ የሚጠቀሱት አኃዞች እጅግ የተራራቁ ናቸው። የኩሽኔታ ዕድሜ ግን እዚሁ ሊለካ ይችላል፦ ከማስተካከሉ በፊትና በኋላ መዛነፉን፣ ንዝረቱንና የኩሽኔታውን ሙቀት፣ ከዚያም ኩሽኔታው የተለወጠበትን ቀን መመዝገብ ነው። ለአንድ የማስተርስ ጥናት መነሻ ጥቂት ፓምፖችና በታማኝነት የተያዘ መዝገብ ይበቃሉ።