ደጅ ጥናቱ መቼ ያበቃል?

«መንግሥት መሥሪያ ቤት ጉዳይ አለኝ» ብሎ በጠዋት ከቤቱ የሚወጣን ሰው ቤተ ሰቡ «እግዜር ይከተልህ» ብሎ ይሸኘዋል። ሰውየው የሚሄደው ዘመቻ አይደለም፤ ቀበሌ ለቆ ቀበሌ ሊገባ ስለ ሆነ መሸኛ ለማውጣት ነው። ማታ ሲመለስ የሚያወራውንም ሁላችን በቃላችን እናውቀዋለን። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ሲስተም የለም፤ ፋይሉ አልተገኘም፤ ነገ ተመለስ። ያም ነገ ሌላ ነገ ይወልዳል።

ከዚህ የተነሣ በሕዝቡ ዘንድ አንድ ፍርድ ጸንቶ ይኖራል። «መንግሥት የያዘው ሥራ ሁሉ አይሠራም» ይባላል። በታክሲ ይባላል፣ በሻይ ቤት ይባላል፣ እኛም በየመኝታ ክፍላችን እንለዋለን። ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ምሬቱ እውነት ነው። ፍርዱ ግን ትክክል አይደለም፤ ጉዳትም አለው። «ምንም አይሠራም» ብሎ የቈረጠ ሰው «ለምን አልሠራም?» ብሎ አይጠይቅም። «ለሻይ» የተባለችውን ብር አጥፎ በፎርሙ መካከል ያስገባና ጉዳዩን ጨርሶ ይሄዳል። ተስፋ መቍረጥና ጉቦ ጎረቤታሞች ናቸው።

እንግዲህ በመንግሥት እጅ ሆኖ የሚሠራ ነገር አለ ወይ? አለ።

የመጀመሪያው ምስክር ከራሳችን ላይ በየቀኑ ያልፋል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በዚያው ዓመት መጋቢት 30 ቀን የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ አደረገ። ከዚያ ወዲህ ዘውዱ ወርዷል፣ ደርግ መጥቶ ሄዷል፣ ኢሕአዴግም እንዲሁ። አየር መንገዱ ግን የመንግሥት ንብረት እንደ ሆነ እስከ ዛሬ ይበራል። ደርግ ከሶቭየት ኅብረት ጋር በተወዳጀበት ዘመን እንኳ፣ በ1976 ዓ.ም. ቦይንግ 767 ከአሜሪካ ተረክቧል። ወዳጅነቱ ወደ ሞስኮ ቢሆንም ግዢው ለሥራው በሚስማማው ተወሰነ ማለት ነው።

ይህ ለምን ሆነ? ሠራተኞቹ ከሌላ አገር ስለ መጡ አይደለም፤ የእኛው አገር ልጆች ናቸው። ዋናው ነገር በዚያ ሥራ ስሕተት የሚደበቅበት ጥግ ማነሱ ነው። አውሮፕላን ቢዘገይ ሰዓቱ ይመዘገባል። አንድ ቡሎን ቢጠብቅ ያጠበቀው ሰው ስሙን ይፈርማል። የባሰም ሲመጣ ምርመራው ይብሳል። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ወደ ናይሮቢ የተነሣው ቦይንግ 737 ማክስ ቢሾፍቱ አጠገብ ወድቆ የ157 ሰዎች ሕይወት ባለፈ ጊዜ፣ የበረራ መዝገቡ ሣጥን ከመሬት ውስጥ ተቆፍሮ ወጣ፤ የመጀመሪያው የምርመራ ዘገባም አንድ ወር ሳይሞላ ለዓለም ተገለጠ።

አሁን ከዚህ ጋር አስተያዩት። የአንዲት መበለት የቤት ካርታ ፋይል ከአንድ መዝገብ ቤት ሲጠፋ የት እንደ ወደቀ ማን ይመረምራል? በመጨረሻ የያዘው ማን ነበር? በስንት ቀን ዘገባ ወጣ? ለሴትዮዋ የሚደርሳት መልስ «እንደገና አመልክቺ» ብቻ ነው።

«አየር መንገድ የሀብታም ነገር ነው፤ ዶላር ስለሚያስገባ ይጠበቃል» የሚል ይኖራል። መልካም። ሁለተኛውን ምስክር ዶላር ከማይታይበት ከገጠር ቀበሌ ልጥራ።

በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀመረ። 10ኛ ክፍል የጨረሱ ወጣት ሴቶች አንድ ዓመት ያህል እየሠለጠኑ በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው ተመደቡ። ቍጥራቸው ከ30,000 በላይ ደረሰ። እነዚህ ልጆች ጤና ኬላ ውስጥ ብቻ ተቀምጠው ሕዝቡን «ነገ ተመለስ» እንዲሉ አልተላኩም። ዳገት ወጥተው፣ ወንዝ ተሻግረው፣ በየቤቱ እየገቡ ክትባት ያልወሰደውን ሕፃን ይፈልጋሉ፤ ስለ መጸዳጃ ጕድጓድ፣ ስለ ወሊድ፣ ስለ ወባ ያስተምራሉ። ለእያንዳንዱ ቤተ ሰብም የራሱ ማኅደር አለ፤ ማን እንደ ተወለደ፣ ማን እንደ ታመመ ይጻፍበታል።

ውጤቱስ? በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት፣ በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ጥናት ቍጥሩ ወደ 67 ወርዷል። ይህን ሁሉ እነዚህ ሴቶች ብቻቸውን ሠሩት አልልም፤ መንገድም፣ ትምህርትም፣ የውጭ ርዳታም አለበት። 67ም ገና ብዙ ልቅሶ ነው። ደግሞም የተሠራ ነገር ይፈርሳል፤ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በሰሜን በተደረገው ጦርነት ብዙ ጤና ኬላዎች ወድመዋል። ቢሆንም በደመወዝ ከብዙዎቹ ባለ ወንበሮች የሚያንሱ የመንግሥት ሠራተኞች በእግራቸው ሄደው ይህን ያህል ሥራ ውስጥ ድርሻ ማግኘታቸው፣ «በመንግሥት እጅ ምንም አይሠራም» የሚለውን ፍርድ ያፈርሰዋል።

እነዚህ ሁለት ምስክሮች በሀብትም በማዕርግም አይገናኙም። የሚገናኙት በሁለት ነገር ነው። ሥራቸው ይቈጠራል፤ ሰውንም ደጅ አያስጠኑም። አንዱ በሰዓቱ ካልተነሣ መንገደኛው ሌላ አየር መንገድ ይመርጣል፤ ሌላዋ ራሷ ወደ ሰው ደጅ ትሄዳለች።

የብዙው መሥሪያ ቤታችን በሽታ ያለው እዚህ ላይ ነው። በጥንቱ ዘመን ሹመት የፈለገ፣ ርስቱን የተነጠቀ፣ ፍርድ የጐደለበት ሁሉ በጌታው ደጅ ወራት ይቀመጥ ነበር። ጌታው ሲወጣ እጅ ይነሣል፤ ሲገባም እጅ ይነሣል። የሚሰጠው ነገር መብቱ ሳይሆን ችሮታ ነበረና፣ ጌታው ለመዘግየቱ መልስ የሚሰጠው ሰው አልነበረም። በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ሚኒስትሮችን ሾሙ፤ ወንበርና ጠረጴዛ፣ ማኅተምና መዝገብ መጣ። ኋላም ታይፕ መጣ፣ ኮምፒዩተር መጣ። ደጅ ጥናቱ ግን ከግቢው በር ተነሥቶ ወደ ኮሪደሩ ገባ እንጂ አልቀረም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» የሚለው ተረትም አብሮ ገባ።

መድኃኒት አልተሞከረም አይባልም። በየግድግዳው «ራእይ፣ ተልእኮ፣ እሴት» ተጽፎ ተሰቅሏል። መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ ተባለ፤ ካይዘን ተባለ፤ የዜጎች ቻርተር ተባለ። በአዋጅ ቍጥር 211/1992 የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ቆመ። ከእኛ መካከል ግን በደል ሲደርስበት ወደዚያ ለመሄድ ያሰበ ስንቱ ነው? ቻርተሩ «ይህ ጉዳይ በ30 ደቂቃ ያልቃል» ይላል፤ ባለጉዳዩ ግን ስንት ሰዓት እንደ ገባ የሚጽፍ የለም። የመግቢያ ሰዓቱ ያልተጻፈ ጉዳይ መዘግየቱን በምን ማስረዳት ይቻላል?

ለጸሐፊውም እንፍረድ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ኑሮው ምን እንደ መሰለ የመንግሥት ሠራተኛ ልጅ የሆነ ሁሉ ያውቃል። የተራበ ሰው እጁ ወደ ባለጉዳዩ ኪስ ሊያይ ይችላል። ደመወዝ መሻሻል አለበት፤ ክርክር የለውም። ነገር ግን ደመወዙ ቢጨመር፣ የዘገየበትን ቀን የሚቈጥርበት ከሌለ፣ የጠገበ «ነገ ተመለስ» ባይ እናገኛለን።

ስለዚህ የምንጠይቀው ጥቂትና ግልጽ ይሁን። አንደኛ፣ ማመልከቻ ያስገባ ሁሉ ቀን፣ ቍጥርና የተቀባዩ ስም ያለበት ደረሰኝ ይሰጠው። ሁለተኛ፣ መሥሪያ ቤቱ በወሩ ስንት ጉዳይ እንደ ገባ፣ ስንቱ እንዳለቀ፣ ስንቱ እንደ ዘገየ በበሩ ላይ ይለጥፍ። ሦስተኛ፣ አቤቱታው በደል አደረሰ ለተባለው ለዚያው አለቃ ተመልሶ አይመራ። ለዚህ አዲስ ሕንፃ ወይም ብድር አያስፈልግም፤ መዝገብና እስክርቢቶ ይበቃል።

ይህ ነገር ከማንም ይልቅ እኛን ይመለከታል። ዛሬ በኮሪደር ቆመን የምንራገመውን ወንበር ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ ብዙዎቻችን እንቀመጥበታለን። በተለይ እኛ የሥነ ጽሑፍ፣ የታሪክና የቋንቋ ተማሪዎች የምንቀጠረው በአብዛኛው እዚያው ነው። አሁን በወንበሩ ላይ ያሉትም ትናንት በዚሁ ግቢ እንደ እኛ ይማረሩ ነበር። ወንበሩ ሰውን የሚለውጥ ከሆነ፣ ከመቀመጣችን በፊት ልማዱን መጀመር ይሻላል።

ለዚህም የራሳችን ማኅበር ቅርብ ነው። የተማሪዎች ማኅበር ከተማሪ የሚደርሰውን ደብዳቤ በቍጥር ይቀበል፤ በየወሩም ስንቱን እንደ መለሰ በዚህ መጽሔት ያሳትም። ከዚያ በኋላ ወደ ሬጅስትራር ሄደን «እናንተም ቍጠሩ» ስንል አፋችን ሙሉ ይሆናል።