የአናናስ ጠርሙስ ለረመዷን

በአማንና በሚዛን ተፈሪ ገበያ አናናስ በሚረክስበት ሰሞን ሳይሸጥ የሚበሰብሰው ብዙ ነው። ኢስራፍ መሆኑን እያወቅን ዝም ብለን እናልፋለን።

እኛም አንድ ጊዜ ለኢፍጣር ጣፋጭ ሳምቡሳና ለፓይ እንዲሆነን አናናሱን በዱቄት አወፍረን በጠርሙስ አሸግነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ክዳኑ ተነፍቶ አገኘነው። ለመቅመስ አልደፈርንም፤ ስኳሩም ድካሙም አብሮ ተደፋ።

ያጠፋነው ዱቄቱ ላይ ነው። ወፍራም ነገር ሙቀቱን ቶሎ ወደ መሐል አያሳልፍም። ማወፈሪያው መጨመር ያለበት ጠርሙሱ በሚከፈትበት ቀን፣ ድስት ላይ ነው።

አናናሱን ልጣችሁ ከትፉና በውሃና በስኳር 10 ደቂቃ አንተክትኩት። በጋለ ንጹሕ ጠርሙስ፣ ከአፉ አንድ ጣት ያህል አጉድላችሁ፣ ትኩሱን ሙሉ። ክዳኑ አዲስ ይሁን፤ እዚህ ላይ መቆጠብ አያዋጣም። ከዚያ ጠርሙሱን በሚሸፍን የፈላ ውሃ ውስጥ የግማሽ ሊትሩን 20፣ የሊትሩን 30 ደቂቃ ቀቅሉ። አገራችን ከፍታ ላይ ስለሆነ ውሃው 100 ዲግሪ ሳይደርስ ይፈላል፤ ስለዚህ አዲስ አበባ ያላችሁ 5 ደቂቃ ጨምሩ።

ይህ ለአናናስ ብቻ ነው፤ አናናስ ኮምጣጣ ስለሆነ ነው የሚያዋጣው። ሙዝና አቮካዶን በዚህ መንገድ ፈጽሞ አታሽጉ፤ የበሰለ ማንጎም መጣጣነቱ ስለሚያንስ ይቅር።

ጠርሙሱ ሲቀዘቅዝ ክዳኑን በጣት ተጫኑት። ወደ ታች ወርዶ ከተመለሰ አልታሸገም፤ ፍሪጅ ገብቶ በዚያው ሰሞን ይበላ።