አያትን «ሺ» ማለት መድፈር ነውን?



በአንድ ወዳጃችን ቤት ለእራት ተቀምጠን ሳለን፥ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ የሆነው የቤቱ ልጅ የእንግሊዝኛ ደብተሩን ይዞ እያለቀሰ ወደ አባቱ ቀረበ። ስለ አያቱ አምስት ዐረፍተ ነገር እንዲጽፍ ታዝዞ ነበር። እርሱም «እማማ አርጅተዋል፤ ከእኛ ጋር ይኖራሉ፤ ማታ ማታ ተረት ይነግሩኛል» የሚለውን በልቡ እያሰበ፥ አያቱን ባነሣበት ስፍራ ሁሉ «ዘይ» ብሎ ጻፈ። መምህሩም እያንዳንዱን በቀይ ቀለም ሰርዞ «ሺ» ሲል አረመለት። ልጁን ያስለቀሰው ግን የጎደለው ነጥብ ብቻ አልነበረም። «እማማን እንዴት አድርጌ ‹እሷ› እላቸዋለሁ?» እያለ ነበር።

ይህ ጥያቄ የስንፍና ጥያቄ አይደለም። በአማርኛችን «መጡ» ብንል፥ የመጡት ብዙ ሰዎች ወይም አንድ የተከበሩ ሰው ሊሆኑ ይችላሉ፤ ግሡ አንድ ነውና። ስለዚህ ልጁ አክብሮቱን ወደ እንግሊዝኛ ይዞ ሲሻገር፥ ያገኘው የብዙ ሰዎች ተውላጠ ስም የሆነውን «ዘይ»ን ነው። እንግሊዝኛ ግን ስለ አንድ ወንድ ሲናገር፥ ንጉሥም ቢሆን እረኛም ቢሆን «ሂ» ይላል፤ ስለ አንዲት ሴትም «ሺ»። «ዘይ» ለአንድ ሰው የሚነገርበት ጊዜ አለ፤ ይኸውም እንደ «አንድ ሰው ጃንጥላውን ረስቷል» ሰውየው ማን እንደ ሆነ ባልታወቀ ጊዜ ነው። ለአክብሮት ግን አይነገርም።

ስለ «ዩ» ደግሞ ብዙ ወላጆች የሚያዝኑበት ነገር አለ። አንተ፥ አንቺ፥ እርስዎና እናንተ ሁሉ በአንድ ቃል ተጠቅልለው ሲያዩ፥ እንግሊዝኛ አንቱታን የማያውቅ ቋንቋ ይመስላቸዋል። ታሪኩ ግን ሌላ ነው። በጥንቱ እንግሊዝኛ አንዱን ሰው «ዛው» ይሉት ነበር፤ የዛሬው «ዩ» የብዙዎች ነበረ። በመካከለኛው ዘመን አንዱን ትልቅ ሰው በብዙ ቁጥር ማክበር ተለመደ፤ ልክ እንደ እኛ ማለት ነው። ከዚያም አክብሮቱ ከታላላቆች ወደ ሁሉ እየተዳረሰ ሄደ፤ «ዛው»ም ከ17ኛው መቶ ዓመት ወዲህ ከተራው ንግግር እየጠፋ መጣ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1611 የታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ እግዚአብሔርን የሚጠራው በዚሁ በ«ዛው» ነው። እንግዲህ «ዩ» ማለት ሁሉን «አንተ» ብሎ ማውረድ ሳይሆን፥ ከሥሩ ሲታይ ሁሉን «እርስዎ» እንደ ማለት ነው።

ልጆቻችን የሚሰናከሉባቸው ሌሎችም ስፍራዎች አሉ። አንደኛው፥ በአማርኛ ተውላጠ ስሙ በግሡ ውስጥ ስለሚሰወር፥ በእንግሊዝኛም ይተዉታል። «ዘነበ» ብለን ዝም ማለት እንችላለን፤ እንግሊዝኛ ግን የዘነበውን ባያውቀውም እንኳ «ኢት» ብሎ ባለቤት ያቆምለታል። ሁለተኛው፥ እኛ «ፀሐይ ወጣች» ስለምንል ልጁ ፀሐይን «ሺ» ይላታል፤ እንግሊዝኛ ግን ግዑዙን ነገር በተራው ንግግር «ኢት» ይለዋል። ሦስተኛው፥ «የገዛሁት መጽሐፍ» ስንል «ገዛሁት» ከሚለው ቃል መጨረሻ ያለችው «ት» መጽሐፉን ታመለክታለች። ልጁም ይህችን ፊደል ሊተረጉም ሲል «ዘ ቡክ ዊች አይ ቦት ኢት» ይላል። እዚህ «ኢት» ትርፍ ናትና ትሰረዝ።

ታዲያ በቤት ውስጥ እንዴት እናለማምዳቸው? እንግሊዝኛ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የማስተማሪያ ቋንቋ ስለ ሆነ፥ ማን ምን እንዳደረገ ለይቶ መጻፍ ለሌላውም ትምህርት ሁሉ ያስፈልጋል። ልምምዱ ግን ከእራት በኋላ ከሩብ ሰዓት አይበልጥም። በመጀመሪያ፥ ስለ ቤተ ሰቡ ስሙ ሁሉ እየተደጋገመ አምስት ዐረፍተ ነገር ይጻፍ፤ ልጁም በየስሙ ፈንታ ተገቢውን ተውላጠ ስም እያስገባ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብ። በዚህ ጊዜ «ኸር» የሚለው ቃል ለሁለት ሥራ እንደሚያገለግል ያስተውል፤ «አየኋት» ስንልም «መጽሐፏ» ስንልም እርሱ ነው።

ቀጥሎ «አይ» እና «ሚ» የሚለዩበት ፈተና አለ። «እናቴ ወንድሜንና እኔን ጠራች» ለማለት ልጁ ቢያመነታ፥ ወንድሙን ለጥቂት ጊዜ ያውጣው። «ማዘር ኮልድ አይ» እንደማይባል ጆሮው ራሱ ይነግረዋል፤ ስለዚህ «ማይ ብራዘር ኤንድ ሚ» ይበል። ባለቤት ሲሆኑ ግን «ማይ ብራዘር ኤንድ አይ» ነው። እኛ «እኔና ወንድሜ» ስንል እንግሊዞች ራስን ወደ ኋላ ማድረግን እንደ ጨዋነት ይቆጥሩታል። የአክብሮት መንገድ እነርሱም ዘንድ እንዳለ ልጁ ከዚህ ይማር፤ «ፕሊዝ» ማለትና ታላቅን በማዕርጉ መጥራትም ከዚሁ ወገን ነው።

ጥንቃቄው ግን በሁለቱም ወገን ይሁን። በአሜሪካና በሌላም አገር ያደጉ የልጅ ልጆች በስልክ አያታቸውን «አንተ ደኅና ነህ?» ሲሏቸው፥ «ዩ»ን ብቻ ስለ ለመዱ እንጂ ስለ ናቁ አይደለም። እነርሱንም ሳንቆጣ «እርስዎ»ን እናስተምራቸው። እያንዳንዱ ቋንቋ በራሱ ሚዛን ይመዘናል።

ወደዚያ ልጅ ልመለስ። አባቱ ሰዋስውን እየዘረዘረ ሊያስረዳው ቢሞክርም ልጁ አልተጽናናም። በመጨረሻ አያቲቱ ከምድጃው አጠገብ ሆነው ጠሩትና፥ «ልጄ፥ እኔ በጸሎቴ እመቤታችንን ‹አንቺ› እላት የለምን? ይህን ማለቴ ስለ ደፈርኋት ነውን? ፈረንጁ እንዲህ ነው የሚናገረው ካሉህ እንዲሁ ጻፍ። በአማርኛ ‹አንቺ› ያልኸኝ ዕለት ግን ጆሮህን እቆነጥጠዋለሁ» አሉት።

ልጁም በእንባው መካከል ሣቀና ብርሌ ለመሰለው ደብተሩ አዲስ ገጽ ገልጦ አምስቱን ዐረፍተ ነገር እንደ ገና ጻፈ። ሲጨርስም ለአያቱ እየተረጎመ አነበበላቸው፤ በእንግሊዝኛው «ሺ»፥ በአማርኛው «እርሳቸው» እያለ።